ከቦሌ ኮምቦልቻ በፕሮፔለር፦ አንድ የቀድሞ የራምፕ ሠራተኛ እንዳየው

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የምትሄዱ ከሆነና አቅማችሁ ከፈቀደ የኮምቦልቻውን በረራ ያዙ። አውሮፕላኑ ባለ ፕሮፔለር ነው። እሱ አያስፈራችሁ።

ይህን የምጽፈውም በዚሁ ፍርሃት ምክንያት ነው። የእህቴ ልጅ ደሴ ላይ ሠርግ ነበራት። ከአዲስ አበባ ከምንሄደው ዘመዶች ብዙዎቹ «ያ የድሮ አውሮፕላን ነው፣ ውጭ የሚሽከረከር ነገር አለው» ብለው በመኪና ሄዱ። 400 ኪሎ ሜትር መንገድ ነው። ጣርማበርን ወርደው፣ በከሚሴ ሙቀት አልፈው፣ የሀረጎን ዳገት ሽቅብ ወጥተው ሲደርሱ መሽቷል። ወገባቸውን ይዘው ነው ከመኪና የወረዱት። እኔና ባለቤቴ በጠዋት ተነስተን ምሳ ሳይደርስ ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ቁጭ ብለን ቡና ጠጣን።

ስለ ራሴ ትንሽ ልበል፤ ለግምገማው ስለሚጠቅም ነው። ኮምቦልቻ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። ጎረምሳ ሳለሁ እዚያው ኤርፖርት ራምፕ ላይ፣ አውሮፕላን በሚቆምበት ሜዳ ማለት ነው፣ ጫኝና አውራጅ ሆኜ ገባሁ። ያኔ የሚመጣልን አውሮፕላን ዳግላስ ዲሲ 3 ነበር። ጎማ ሥር ታኮ ከማስገባት ጀምሬ ወደ ሚዛን፣ ከሚዛን ደግሞ ጭነት ወደ ማስላት ደረስኩ። ፎከር 50 ሲመጣ ወደ ሌላ ሥራ ዞርኩ። ስለዚህ አንድን በረራ ስመዝን ብስኩቱንና ጭማቂውን እምብዛም አላየውም። ዓይኔ የሚሄደው መሬት ላይ ወዳሉት ሰዎች ነው። ታኮ ማን አስገባ? መቼ አስገባ? ሻንጣውን እንዴት ያዘው? ሰው ወደ ፕሮፔለሩ እንዳይሄድ ማን ቆመ? እነዚህ ከተሟሉ የቀረው ሁሉ ይሟላል ብዬ አምናለሁ።

ከትኬቱ ልጀምር። የቆረጥኩት ሰፈራችን ካለ አንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ ነው። ስለ ሻንጣ ክብደት ስጠይቅ ልጅቷ «የፈለጋችሁትን ያህል ያዙ አባባ፣ ችግር የለም» አለችኝ። አላመንኳትም። ትኬቱ ላይ የተጻፈውን አንብቤ በልኩ አሰርን። ቦሌ ስንደርስ ግን ከፊታችን የተሰለፉ አንዲት እናት እንዲሁ ዓይነት ወሬ አምነው መጥተው ነበር። ቅቤው፣ በርበሬው፣ ለልጆች የተገዛው ጫማ ሁሉ ወለል ላይ ተዘርግፎ እንደገና ሲታሰር ማየት ያሳዝናል። የመስተንግዶው ልጅ ግን አልተቆጣቸውም። ጎንበስ ብሎ አብሯቸው አሰረ። ምን ቢቀር እንደሚሻል አማከራቸው። ትኬት የምትሸጡ ሰዎች ሆይ፣ እባካችሁ ክብደቱን በትክክል ንገሩ። ነገሩ የገንዘብ ብቻ አይደለም።

የክብደትን ነገር እኔ በሚዛን ላይ ቆሜ ነው የተማርኩት። በዳግላስ ጊዜ ዕቃው ብቻ አልነበረም የሚመዘነው። ተሳፋሪውም ይመዘን ነበር። ሚዛኑ ወለል ላይ የሚቀመጥ፣ ለእህል የሚያገለግለው ዓይነት ነበር። ሰው እየወጣ ይቆማል፣ እኔ እጽፋለሁ። አንዳንድ ሴቶች ያፍሩ ነበር። ስለዚህ ቁጥሩን ጮክ ብዬ አልናገርም፤ ጽፌ ወረቀቱን እገለብጣለሁ።

ለምን ይህን ያህል ጥንቃቄ? የዲሲ 3 አንዱ ሞተር 1,200 የፈረስ ጉልበት ነው። ሁለት ናቸው። ኮምቦልቻ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው። ፀሐይ ሲበረታ የበለጠ ይሳሳል። ስስ አየር ክንፉን በደንብ አያነሳም፤ ሞተሩም ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ፕሮፔለሩም የሚይዘው ያጣል። ሦስቱም በአንድ ጊዜ። ስለዚህ ጠዋት ሊነሳ የሚችለው ጭነት ከሰዓት በኋላ ላይነሳ ይችላል። አውሮፕላኑ ዘግይቶ በቀትር ሲመጣ ወይ የቡና ጆንያ ይቀራል፣ ወይ ሰው ይቀራል። ሰው ቀርቶ ቡና ሄደ ተብሎ የተጣላኝ ሰው ነበር። እውነቱ ግን ቡናው ከፊት፣ ሰውየው ከኋላ ስለነበሩ ነው። ክብደት ስንት ኪሎ እንደሆነ ብቻ ሳይሆን የት እንደተቀመጠም ይቆጠራል። ጭራው የከበደ አውሮፕላን ከተነሳ በኋላ አፍንጫውን ዝቅ ማድረግ ያቅተዋል። ከዚያ በኋላ ያለውን መናገር አያስፈልግም።

ዛሬ ይህን ሁሉ ኮምፒዩተር ያሰላዋል። ሕጉ ግን ያው ነው። መስተንግዶ ላይ የሻንጣችሁ ኪሎ ሲጻፍ አንድ ቦታ ላይ አንድ ሰው ያንን ቁጥር ይጠብቃል። «ትንሽ እለፈኝ» እያላችሁ አትለምኑት።

አሁን ወደ አውሮፕላኑ። የኮምቦልቻን መስመር የሚሠራው ቦምባርዲየር ኪው 400 ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2002 ዓ.ም ጀምሮ ነው ይህን ዓይነት ያስገባው። ክንፉ ከላይ ነው። ሞተሮቹ ሁለት ናቸው፤ እያንዳንዱ ወደ 5,000 የፈረስ ጉልበት የሚጠጋ አቅም አለው። አንዱ ብቻውን የዳግላስን ሁለት ሞተሮች ደምሮ በእጥፍ ይበልጣል ማለት ነው። የፕሮፔለሩ ብሌድ፣ የሚሽከረከረው ምላጭ ማለት ነው፣ ስድስት ነው። የዳግላስ ሦስት ነበር።

«አሮጌ ነው» ለሚሉ ዘመዶቼ የማስረዳቸው ነገር ይኸው ነው። ከውጭ የምታዩት ፕሮፔለር እንጂ ውስጡ ያለው ሞተር ከጄቱ ወገን ነው። ያው ተርባይን ነው። የሚያቃጥለውም ያንኑ ኬሮሲን ነው። ልዩነቱ፣ ጄቱ ኃይሉን ባብዛኛው አየር ወደ ኋላ በፍጥነት በመግፋት ሲጠቀምበት፣ ይህኛው በማርሽ አድርጎ ፕሮፔለር ያዞርበታል። የዳግላሱ ግን ፒስተን ነበር። 14 ሲሊንደር ዙሪያውን በሁለት ረድፍ የተደረደረ፣ ካርቡሬተር ያለው፣ ቤንዚን የሚጠጣ፣ ካንዴላ የሚቀየርለት። እሱ ነው አሮጌው ዘመን።

ታዲያ ለምን ጄት አይላክልንም? ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ በአየር 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጄት ጥቅሙ ከፍ ብሎ ርቆ ሲሄድ ነው። እዚህ ግን ወጥቶ ሳይረጋጋ መውረድ ይጀምራል። ነዳጁን በከንቱ ይጨርሳል። ፕሮፔለር ብዙ አየር በዝግታ ስለሚገፋ ለአጭር መንገድና ለአጭር ማኮብኮቢያ ይመቻል። ሲያርፍም የብሌዶቹ አቅጣጫ ይገለበጥና አውሮፕላኑን ይይዘዋል። ወለሉ ሲነዝርና ድምፁ ድንገት ሲጨምር የምትሰሙት እሱን ነው። አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ ያን ጊዜ እጄን ጨመቀችኝ። «ፍሬን ነው ልጄ» አልኳት።

እዚህ ላይ ልምዴን ትንሽ ልዘርጋ፤ የዛሬውን ሞተር ሲነሳ ሳይ የድሮው ሁሉ ስለመጣብኝ ነው። ኪው 400 ሲነሳ አንድ ልጅ ከፊት ቆሞ ምልክት ይሰጣል። ፕሮፔለሩ በዝግታ ዞር ዞር ይላል፣ ከዚያ ከፍጥነቱ የተነሳ ከዓይን ይጠፋል። አለቀ። ጭስ የለም፣ ጩኸትም ብዙ አይደለም።

ዳግላስ እንዲህ አልነበረም። ማታ ቆሞ ያደረ የዳግላስ ሞተር ዘይቱ ወደ ታችኞቹ ሲሊንደሮች ይወርዳል። ዘይት አይጨመቅም። እንደዚያ እያለ በሞተሪኖ ቢነሳ ፒስተኑ ዘይቱን ሲገፋ ፒስተኑን የያዘው ዘንግ፣ ቢየላው፣ ይጣመማል። ስለዚህ ጠዋት በብርድ ሁለት ሆነን ብሌዱን በእጃችን እየሳብን እናዞረዋለን። አንዱ ይስባል፣ ወዲያው ወደ ጎን ዘወር ይላል፣ ሌላው ቀጣዩን ይቀበላል። ከከበደ ማስገደድ ክልክል ነው። ቆመህ መካኒኩን ትጠራለህ፣ እሱ የታችኛውን ካንዴላ ፈትቶ ዘይቱን ያፈሰዋል። የቀጠረኝ ሰውዬ በመጀመሪያው ቀን ያለኝ አንድ ነገር ነበር፦ «ይህ ነገር ቆሞም ቢሆን የዞረ ነው በል።» ማቀጣጠያው ሳይዘጋ የቀረ ሞተር በእጅ ሲዞር ራሱ ሊነሳ ይችላል። እጅ ይወስዳል፣ ራስም ይወስዳል። ዛሬም የቆመ ፕሮፔለር ሥር አላልፍም።

ከዚያ አንዱ የእሳት ማጥፊያ ይዞ በሞተሩ ጎን ይቆማል። ካፒቴኑ በመስኮት ጣቱን ያሳያል። ሞተሪኖው ያቃስታል። ብሌዶቹ ይቆጠራሉ። ቡፍ ሲል ሰማያዊ ጭስ ይለቅና ሜዳውን ይሸፍነዋል። ሲሊንደሮቹ አንድ በአንድ ነው የሚገቡት። መጀመሪያ እየሳለ፣ ከዚያ እየተስተካከለ። ስምም ሲል ደረትህ ውስጥ ይሰማሃል። ያንን ድምፅ የሰማ ሰው አይረሳውም። አውሮፕላኑ ሳይነሳ ደግሞ የመጨረሻው ሥራ አለ፤ በጭራውና በክንፉ ላይ ነፋስ እንዳያወዛውዛቸው የታሰሩትን መቆለፊያዎች ማንሳት፣ የጎማውን ፒን መንቀል። ሁሉም ቀይ ጨርቅ ተንጠልጥሎባቸዋል። ጨርቆቹን በእጃችን ይዘን ከፍ አድርገን ለካፒቴኑ እናሳያለን። እሱ በዓይኑ ይቆጥራል። መሪው እንደታሰረ የተነሳ አውሮፕላን አይመለስም።

ቦሌ ላይም ይህንኑ አየሁ። አውሮፕላናችን ከመንቀሳቀሱ በፊት አንዲት ወጣት ሠራተኛ ከአፍንጫው ጎማ ፈንጠር ብላ ቆማ ፒኑን ከነቀይ ጨርቁ ከፍ አድርጋ አሳየች። ካፒቴኑ እጁን አነሳ። ባለቤቴን ክንዷን ነካ አድርጌ «አየሽ?» አልኳት። «ምኑን?» አለች። ከዚህ በላይ የአገልግሎት ጥራት አላውቅም።

በረራው ራሱ አጭር ነው። ወንበሩ በግራም በቀኝም ሁለት ሁለት ነው፤ መሃል ላይ የሚቀመጥ የለም። ከራስ በላይ ያለው የዕቃ ማስቀመጫ ጠባብ ነው። ትልቅ የእጅ ሻንጣ የያዘ ሰው አውሮፕላኑ ደጃፍ ላይ ይቀበሉታል፣ ሲወርድ እዚያው ይሰጡታል። መድኃኒታችሁንና ወረቀታችሁን በትንሽ ቦርሳ ያዙ። በፕሮፔለሩ መስመር ያሉት ወንበሮች ከሌሎቹ ይልቅ ድምፅ አላቸው። ድምፅ የማይወድ ወደ ኋላ ይቀመጥ። እኔ ግን ሆን ብዬ መሃል አካባቢ ጠየቅሁ፤ ጎማው ከሞተሩ ሥር ወጥቶ ሲገባ በመስኮት ይታያል። ለልጆች ከዚህ የሚበልጥ ትርኢት የለም። እኔም ፊቴን ከመስታወቱ አላነሳሁም።

ክንፉ ከላይ ስለሆነ አገሩ ሁሉ ይታያል። ወደ ሰሜን ሲኬድ በግራ በኩል መንዝ ነው፣ ደጋው እንዳለ ጠፍጣፋ ሆኖ በገደል ተቆራርጦ። በቀኝ በኩል መሬቱ ድንገት ይወርድና ወደ አፋር ሜዳ ይዘረጋል። ጠዋት ከሆነ ፀሐዩ በቀኝ ነው፤ ዓይን ይወጋል፣ እይታው ግን የዚያን ያህል ይበልጣል። ከዚያ የቦርከና ሸለቆ።

ከላይ ሆኜ ወሎን ሳይ የማስበው ነገር አለ። የወሎ ሰው ፕሮፔለርን የተዋወቀው በደግ ቀን አይደለም። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ። ጃንሆይ ከተማው ውስጥ ነበሩ። ቀይ መስቀል ያለበት የአሜሪካኖች ሆስፒታል ሳይቀር ተመታ። አባቴ ልጅ ሆኖ ያንን ጥዝታ ከጦሳ ተራራ በኩል ሰምቶታል። ዳግላስ ዲሲ 3 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ካሊፎርኒያ ውስጥ ታኅሣሥ 7 ቀን 1928 ዓ.ም ነው። ደሴ ከተደበደበች በ11ኛው ቀን። ያን ጊዜ ደሴ ላይ ቤቷ የተቃጠለባት እናት፣ ሰማይ ላይ የሚጮኸው ነገር አንድ ቀን ልጇን ትምህርት ቤት የሚያደርስ እንደሚሆን ማን ይነግራት ነበር?

ግን ሆነ። በ1938 ዓ.ም የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአሜሪካኖቹ አየር መንገድ በቲ.ደብሊው.ኤ. እርዳታ ተቋቋመ። የመጀመሪያዎቹ አውሮፕላኖች ከጦርነቱ የተረፉ ሲ 47 ነበሩ። ሲ 47 ማለት ወታደር የለበሰ ዲሲ 3 ነው። ወንበሩ በግድግዳው ላይ በረጅሙ የተዘረጋ አግዳሚ ነበር፣ ሰው ፊት ለፊት ተያይቶ፣ ጭነቱ መሃል ላይ። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም የመጀመሪያው በረራ በአስመራ አድርጎ ካይሮ ሄደ። ጄት የመጣው በ1955 ዓ.ም ነው። እስከዚያ ድረስ ያለው ሁሉ የተሠራው በፕሮፔለር ነው። «ፕሮፔለር አልሳፈርም» የሚል ሰው ይህን ይወቅ፤ የምንኮራበት አየር መንገድ በፕሮፔለር ነው የቆመው።

ከቦምቡና ከአየር መንገዱ ቀጥሎ ወሎ የሰማው ሦስተኛው የፕሮፔለር ድምፅ ደግሞ የ1977 ዓ.ም የረሃቡ ጊዜ ነው። ስለዚያ ዘመን ብዙ አልጽፍም። የእንግሊዝ ሄርኩሊስ፣ የጀርመን ትራንሳል፣ የሶቪዬት አንቶኖቭ፣ ሁሉም ፕሮፔለር ነበሩ። ጄት የማይደፍረው አቧራማ ሜዳ ላይ ያርፉ ነበር። ማረፍ በማይቻልበት ከመሬት ጥቂት ሜትር ከፍ ብለው እየበረሩ ጆንያ ይጥላሉ። ጆንያው እንዳይፈነዳ በጆንያ ላይ ጆንያ ይለብሳል። የፈሰሰውን ሰው ከአፈር እየለየ ይለቅም ነበር። በዚያ ዓመት ወሎ ውስጥ ልጅ የነበረ ሰው የፕሮፔለር ድምፅ ሲሰማ ምን እንደሚሰማው ጠይቁት።

ወደ ኮምቦልቻ ልመለስ። ዮጎፍ ተራራ በመስኮት ሲቀርብ ልቤ ደስ አለው። ማረፊያው ጥሩ ነበር። አንዴ ነካ አድርጎ ያዘ። ድሮ ዳግላስ ሊመጣ ሲል የእኛ ሥራ ሜዳውን ማጽዳት ነበር። ከብት፣ አህያ፣ አንዳንዴም ቁም ነገር የያዙ ሁለት ሽማግሌዎች መሃል ለመሃል እያወሩ ይሄዳሉ። ሮጠን እናስወጣለን። ነፋሱን የሚያሳየው ከረጢት ከተቀደደ እሳት አንድደን በጭሱ እናሳያለን። ዳግላስ ደግሞ ጭራው መሬት ላይ ስለሚቀመጥ ካፒቴኑ ከፊቱ ያለውን አያይም፤ አፍንጫው ይጋርደዋል። እያዘገመ ግራና ቀኝ እየተጣመመ ነው የሚመጣው። ምልክት ሰጪው ካልነቃ አደጋ ነው።

ኪው 400 ቀጥ ብሎ መጣ። ቆመ። አሁን ነበር ፈተናው። ከመስኮቱ ሆኜ እያንዳንዱን ነገር ተከታተልኩ።

ሠራተኞቹ አልሮጡም። ይህን ነው በመጀመሪያ የወደድኩት። ዕቃ አውራጅ ሲቸኩል የማይሆን ነገር ይሆናል። ፈንጠር ብለው ቆመው ጠበቁ። ፕሮፔለሮቹ ዘገዩ፣ ብሌዶቹ አንድ በአንድ መታየት ጀመሩ፣ ቆሙ። ቀዩ ብልጭ ድርግም የሚለው መብራት ጠፋ። ከዚያ በኋላ ብቻ አንዱ ታኮውን ይዞ ገባ። በጎማው ፊትም ኋላም አስገባ። በእግሩ ገፋ አድርጎ መያዙን አረጋገጠ። ሌላው ብርቱካናማ ኮኖችን በክንፉ ጫፍና በሞተሩ ዙሪያ ደረደረ። በሩ የተከፈተው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እኔ ብሆን ከዚህ የተለየ አላደርግም ነበር።

ስንወርድ አንድ ወጣት በእኛና በፕሮፔለሩ መሃል እጁን ዘርግቶ ቆሟል። አንድ ተሳፋሪ ስልኩን ከፍ አድርጎ ፎቶ ለመነሳት ወደ ሞተሩ መሄድ ጀመረ። ወጣቱ አልጮኸም። ሁለት እርምጃ ሄዶ ፊቱ ቆመና «ወንድም ዓለም፣ በዚህ በኩል ይሁንልኝ» አለው። ሰውየው «ቆሟል እኮ!» አለ። ወጣቱ «ቆሞም ቢሆን» አለ። ያን ስሰማ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ይህን ቃል ያስተማረው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ከእጅ ወደ እጅ እንደመጣ ግን አውቃለሁ። የሚዞር ፕሮፔለር አይታይም። የሚያየው ነገር ስለሌለ ሰው ባዶ ቦታ ይመስለዋል። ስለዚህ ልማዱ መሠራት ያለበት ቆሞ ሳለ ነው። በእኛ ጊዜ የዳግላሱ በር ከክንፉ ኋላ ስለነበር ተሳፋሪው ጀርባውን ለሞተር ሰጥቶ ነው የሚሄደው። ቢሆንም ገመድ ወጥረን ነበር የምንሸኘው፤ የሚሸኝ ዘመድ እየሳመ እየተከተለ ሞተሩ አፍ ድረስ ይመጣ ስለነበር።

ባለቤቴ ጉልበቷን ያማታል። የዚህ አውሮፕላን ደረጃ ከበሩ ጋር አብሮ የሚወርድ ነው፤ ጠባብ ነው፣ መወጣጫውም ትንሽ ከፍ ይላል። አንዲት ልጅ ከታች መጥታ «እማዬ፣ ቀስ ይበሉ፣ የሚያስቸኩለን የለም» ብላ ክንዷን ይዛ አወረደቻት። ባለቤቴ በመንገዱ ሁሉ ስትመርቃት ነበር። ጉልበት የሚያማችሁ ወይም ሽማግሌ የያዛችሁ፣ ትኬት ስትቆርጡ አስቀድማችሁ አሳውቁ።

ሻንጣውን የሚያወርዱት ከኋላ ነው። እዚያም ቆሜ አየሁ። ከእጅ ወደ እጅ ይቀባበላሉ እንጂ አይወረውሩም። በዳግላስ ይህ ሥራ ከባድ ነበር። ጭራው ዝቅ ስላለ ወለሉ ዳገት ነው። ጆንያ ስትጭን ሽቅብ እየገፋህ ነው፣ ስታወርድ ደግሞ ራሱ ይመጣብሃል። የቆዳ እስር ተንሸራቶ ጣት ይቀጠቅጣል። የዛሬው ወለል ደልዳላ ነው። ልጆቹ ወገባቸው ይተርፋል፤ አልሃምዱሊላህ።

ሻንጣችሁ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት «ዲ.ኤስ.ኢ.» ይላል። ደሴ ለማለት ነው። ኤርፖርቱ ያለው ግን ኮምቦልቻ ነው። ደሴ ለመድረስ ከዚያ በመኪና ሀረጎን መውጣት አለባችሁ። ለአገሩ እንግዳ የሆናችሁ ይህን በሒሳባችሁ አስገቡ።

ቅሬታዬ ያለው እዚህ ጋ ነው። በሩ ላይ ያገኘነው ባለ መኪና መጀመሪያ የተስማማንበትን ዋጋ መንገድ ላይ ለወጠው። ሻንጣ ከጫነ በኋላ ነው «ይህ ለአንድ ሰው ነው» ያለን። ሌላ ሰው ለመጫንም ሁለት ጊዜ ቆመ። የአገሬ ልጅ በእንግዳ ላይ እንዲህ ሲያደርግ ማየት ያሳፍራል። የወሎ ስም በመስተንግዶ ነው የሚታወቀው፤ ከአውሮፕላን የወረደ ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚያገኘው ሹፌር ነው። ስለዚህ ዘመድ ካላችሁ አስቀድማችሁ ደውሉና ይቀበላችሁ። ከሌለ ባጃጅ ይዛችሁ ኮምቦልቻ መናኸሪያ ግቡ። ከዚያ የደሴ ሚኒባስ አይጠፋም፣ ዋጋውም የታወቀ ነው።

ለበረራው ከአምስት አራት ተኩል ሰጥቻለሁ። ግማሿን የቀነስኩት በጠባቡ የዕቃ ማስቀመጫ ነው። ለኮምቦልቻ ራምፕ ልጆች ግን አምስት ከአምስት።

የጠዋቱን በረራ ምረጡ። አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ነፋሱ አልተነሳም፣ አውሮፕላኑም ብዙ አይናጥም። ክረምት ላይ ጉም ተራራው ላይ ይተኛል። ካፒቴኑ ማረፊያውን ካላየ አይወርድም፤ ቢመልሳችሁም አትቆጡት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሠርግ ወይም ለቅሶ ያለባችሁ አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ ሂዱ።